ለኡመይማ የደረሳት አራት ሳንቲሜትር

ልብስ ሰፊ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን ሜትር የማያውቅ የለም። አሠራሩን ቆም ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። ሰፊው የሜትሩን ጫፍ በግራ አውራ ጣቱ የደንበኛው ትከሻ ላይ ይይዛል፤ በቀኙ እስከ እጅ አንጓ ይስበዋል፤ ከዚያ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ እያለ ይቀጥላል። አንድ ቀሚስ ለመስፋት ሰውን ስምንት ጊዜ ያህል መንካት ያስፈልጋል።

ኡመይማ አትነካም። "የሚሆንሽን አሮጌ ልብስ ከቤት አምጪልኝ" ትላለች። ያመጡላትን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ በመዳፏ አስተካክላ፣ ልኩን ከጨርቁ ትወስዳለች። ሥራዋን ቁጭ ብሎ ለሚያይ ይህ ዘዴ በጣም ደስ ይላል፤ አሮጌ ልብስ ስለ ባለቤቱ ብዙ ይናገራልና። ክርኑ የተበላ ሹራብ ዴስክ ላይ ተደግፎ የሚውል ተማሪ ነው። አንድ ትከሻው ብቻ የተለጠጠ ሸሚዝ ቦርሳ የሚያንጠለጥል ሰው ነው። ኡመይማ ይህን ሁሉ አይታ ትቆርጣለች፤ የሰፋችውም ልክክ ይላል።

ሱቋ ከጳውሎስ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በመድኃኒት ቤትና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል ያለች ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ዋና ሥራዋ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደጓት አጎቷ ሸፊ ናቸው፤ ሸጎሌ በከብት ንግድ ይተዳደራሉ፤ የልብስ ስፌት ማሽኑንም የገዙላት እሳቸው ናቸው። በዚያ መንገድ ላይ ዘጠኝ ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ ስምንቱ ወንዶች ናቸው። ይህን ቁጥር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ የመጣባት ጣጣ ከእሱ የተነሣ ነውና።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ኑሕ የሚባል የሰፈሩ ኳስ አሰልጣኝ የልጆቹን ማሊያ ቁጥር ሊያስለጥፍ መጣ። ዝናቡ ጨርቁ ላይ ይረጭ ስለነበር ኡመይማ በሩን ዘጋችው። እዚያው ክፍል ውስጥ ደፈራት። ሌላ ለስለስ ያለ ቃል ሲፈልጉላት አትወድም፤ በዚሁ እንዲጠራ ነው የምትፈልገው። ክርክሩ በዝግ ችሎት ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ኑሕ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። ኡመይማም ወደ ማሽኗ ተመለሰች። የሰውን ልክ በእጇ መውሰድ የተወችው ያኔ ነው። ደንበኞቿ ግን አዲስ የሥራ ስልት ያመጣች መስሏቸው ለመዱት።

ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ ወይዘሮ ታየች የቀሚሳቸውን ዚፕ ሊያስቀይሩ መጡ። ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረዋል። ኡመይማ ወንበር ስታቀርብላቸው ወገባቸው አንዴ ከታጠፈ እስከ ማታ እንደማይዘረጋ ነግረዋት ሳቁ። ከዚያ ከቦርሳቸው አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጡ።

"አንቺ ልጅ፣ አንቺን ብዬ አይደለም" አሉ። "የኑሕን እናት ነገር ሳነብ ግን አሳዘነችኝ። የኳስ ጫማውን አልጋዋ ሥር አድርጋ በየሳምንቱ ትወለውላለች እኮ።"

"ስለ እኔስ ምን ይላል፣ እማማ?"

ወይዘሮ ታየች ጋዜጣውን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። "ስለ አንቺማ... ስምሽን አልጠሩም። እግዜር ይስጣቸው።"

እሳቸው ሲወጡ ኡመይማ ጋዜጣውን እንደ ጨርቅ ዘረጋችው። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። ርዕሱ "አሰልጣኙን ያጣው ሜዳ" ይላል። አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። በሦስተኛው ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

ጋዜጣ በዓምድ በዓምድ እየተከፈለ ነው የሚታተመው፤ ዓምድ ደግሞ እንደ እጅጌ ቁመት አለው፤ ስለዚህ ይለካል። ኡመይማ ስለ ኑሕ የሚያወራውን በሰማያዊ ጠመኔ፣ ስለ ፍርዱ የሚያወራውን በቢጫ፣ ስለ እሷ የሚያወራውን በቀይ አሰመረችው። ከዚያ አንድ በአንድ ለካችው። ጠቅላላው ሁለት ሜትር ከአሥር ሆነ። ሰማያዊው አንድ ሜትር ከዘጠና ስምንት። ቢጫው ስምንት ሳንቲሜትር። ቀዩ አራት።

የሚያስደንቀው ነገር ጽሑፉ ውስጥ ውሸት አለመኖሩ ነው። ብዙዎቻችን አድልዎ ያለበት ጽሑፍ ውሸት ያለበት ይመስለናል። ኡመይማ መስመር በመስመር ብትፈልግም አላገኘችም። ጫማው እውነት ነው። ልጆቹ ያለ አሰልጣኝ በውድድር መሸነፋቸው እውነት ነው። የእናትየው ስኳርም ከፍ ብሏል። ሰው የሚያዝነው ላሳዩት ነው፤ አንባቢው የኑሕን ጫማ፣ የኑሕን ማሊያ፣ የኑሕን እናት አየ። ኡመይማን የሚያይበት አንድም ዕቃ አልሰጡትም። በአራቱ ሳንቲሜትር የሰፈረው ልብስ ሰፊ መሆኗ፣ በሩን የዘጋችው ራሷ መሆኗና ከክሱ በፊት የመጡ ሽማግሌዎች ደጃፏ ላይ ቆመው መመለሳቸው ነው። ይህ የመጨረሻው ሰፈሩን በጣም አስከፋው። እሷ ግን ወንበር አውጥታ ተቀመጡ ብላቸው ነበር። ለዕርቅ የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቆመው የተመለሱት እሷ እሺ ስላላለች ነው። ኑሕ ምን እንዳደረገ በሁለት ሜትር ከአሥር ውስጥ የትም አልተጻፈም፤ "በደረሰበት አጋጣሚ" ተብሎ ታልፏል።

የጋዜጠኛው ትልቁ ስሕተት ግን ይህ አልነበረም። ስሟን በመተው የጠበቃት መስሎት "ጳውሎስ አካባቢ የደንብ ልብስ የምትሰፋ ወጣት" ብሎ ጻፈ። እስከዚያ ቀን ጉዳዩን የሚያውቁት ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ሽማግሌዎቹ፣ ሲበዛ ደግሞ ጥቂት ጎረቤቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጋዜጣውን ያነበበ ሁሉ በዘጠኙ ሱቆች ፊት አልፎ አንዲቷን ሴት ለየ። የታክሲ ረዳቶች በክርናቸው እየተነካኩ አሳዩዋት። አንዱ ደንበኛ መስሎ ገብቶ፣ በሩን እያየ፣ ዛሬም ትዘጋው እንደሆነ ጠየቃትና እየሳቀ ወጣ። ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች ልብሱን በሰው መላክ ጀመሩ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርሽ" ማለቱን አልተወም፤ ግን ቀና ብሎ አያያትም። ሰው በሞላበት መንገድ ዳር ከጠዋት እስከ ማታ የሚያናግራት አጥታ የዋለችባቸው ቀናት ነበሩ።

አጎቷ ሸፊ ከሸጎሌ መጡ። በራፉ ላይ ቆመው ጨርቆቹን እንጂ እሷን አላዩም። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሏት። ሱቁን ዘግታ እሳቸው ቤት እንድትሰፋ ነገሯት፤ እዚያ የሚያውቃት እንደሌለ፣ አካባቢው በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ሥራ እንደማይጠፋ አስረዱ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እሑድ ማሽኑን የሚጭን መኪና ይዘው ሊመጡ ቆረጡ። ጋዜጣው ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ከዚያ እሑድ በፊት፣ ቅዳሜ እንደሚወጣ አስታውቆ ነበር። ኡመይማ ለራሷ ቃል ገባች፤ ሁለተኛው ክፍል እንደ አንደኛው ከሆነና እሷም አንድ ቃል ሳትናገር ካለፈ፣ ሄዳ ሸጎሌ ትደበቃለች።

በነጋታው ጋዜጣውን ጠቅልላ ዝግጅት ክፍሉ ድረስ ሄደች። ጽሑፉን የጻፈው ጢሞቴዎስ የሚባል ከእሷ ብዙም የማይበልጥ ትሑት ሰው ነው። ወንበር ሰጣት፤ ሻይ አዘዘላት። ባለቀለሙን ገጽ ስትዘረጋለት ጎንበስ ብሎ አየውና ቀለሞቹ ምን እንደሆኑ ጠየቃት። ነገረችው።

"ስምሽን እኮ አልጻፍንም" አለ። "አንቺን ለመጠበቅ ነው።"

"ጳውሎስ አካባቢ ደንብ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ስንት ናቸው?"

"እሱን... አላጣራሁም።"

"አንድ ነኝ።"

ጢሞቴዎስ ብርጭቆውን አነሣና ሳይጠጣ መለሰው። ችሎቱ ዝግ ስለነበር በእሷ ወገን የሚናገር ሰው እንዳላገኘ ነገራት።

"የእናቱን ቤት እንዴት አገኘኸው?"

"ሰፈር ውስጥ ጠይቄ።"

"ከእናቱ ቤት እስከ ሱቄ በእግር ሰባት ደቂቃ ነው።"

ይህን ስትለው ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱም አልተከራከረም። ሁለተኛው ክፍል ተሠርቶ ማለቁን፣ ሊቀየር እንደማይችል፣ ግን ብታለቅስም ባታለቅስም አጠገቧ ተቀምጦ ታሪኳን በሰፊው ሊጽፍላት እንደሚፈልግ ነገራት። ማሽኑ ላይ የእጆቿ ፎቶግራፍ ቢኖር አንባቢን ይይዛል አለ። አልፈለገችም። በሰው ብዕር ሌላ የሚያሳዝን ሰው መሆን አላማራትም። የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው፤ ለአንባቢ ደብዳቤ የሚሰጠው አንድ ዓምድ ስንት ቃል እንደሚይዝ። ሁለት መቶ ያህል ነው አላት።

አራት ቀን ጻፈችው። ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ትቆጥራለች፤ ትቀንሳለች። ለአንድ ቀሚስ የሚሆነው ጨርቅ ሲያንስ ሰፊ መጀመሪያ የሚተወው ጌጡን ነው። እሷም ስለ ፍትሕ የጻፈችውን ተወች፤ ስለ ኅብረተሰቡ የጻፈችውን ተወች። የቀረው እንዲህ ይላል፦

"ባለፈው ጽሑፍ የተጠቀስኩት ልብስ ሰፊ እኔ ነኝ። በሩን የዘጋሁት ዝናብ ስለነበር ነው። ኑሕ የደፈረኝ የልጆች ማሊያ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ እያለ ነው። ጫማው አልጋ ሥር መቀመጡን አንብቤያለሁ። እኔም ራሴ የሰፋሁት አረንጓዴ ቀሚስ ነበረኝ፤ ፖሊስ ለማስረጃ ወስዶታል፤ የት እንዳለ አላውቅም። ከዚያ ቀን በፊት የደንበኛን ልክ በእጄ እወስድ ነበር። አሁን ሰው ትከሻ ላይ እጄን ማሳረፍ አልችልም። ስልት መስሏችሁ ነበር፤ ስልት አይደለም።"

ከሥሩ ሙሉ ስሟን ጻፈች። ጢሞቴዎስ ደወለላት። የጋዜጣው ደንብ የተጠቂን ስም ማውጣት እንደማይፈቅድ አስረዳት።

"ስሜን ሳትጽፉ ሰፈሩ በሙሉ አውቆኛል" አለችው። "ያቺ ልብስ ሰፊ ከምባል ኡመይማ ልባል።"

ቅዳሜ ሁለተኛው ክፍል ወጣ፤ የኑሕ እናት በማረሚያ ቤት መጠየቂያ ቀን ስለሚቋጥሩት ምሳ ይተርካል። የኡመይማ ደብዳቤ ከኋላ ገጽ፣ ከመስቀለኛ ቃላቱ ጎን ወጣ። ቃል አልተቀነሰም። ስሟም አለ። የዚያን ዕለት ማንም ምንም አላላትም። ወይዘሮ ታየች በሱቁ ፊት ሲያልፉ ቆም አሉ፤ ሊገቡ መስለው ጃንጥላቸውን አጠፉ፤ ከዚያ ዘርግተውት ሄዱ።

እሑድ ጠዋት አጎቷ ሸፊ ከአንድ ሹፌር ጋር በትንሽ የጭነት መኪና መጡ። ጋዜጣው በኮታቸው ኪስ ነበር። ሹፌሩ ገመድ ይዞ ሊገባ ሲል በእጃቸው አቆሙት። ለብቻቸው ገብተው ማሽኑን ተደግፈው ቆሙ።

"ቀጠሮ ባለ ቁጥር ከአንቺ ጋር ሄጃለሁ" አሉ። "ኮሪደር ላይ ቆሜ ጠብቄሻለሁ። የውስጡን ግን አልሰማሁም።"

"ዝግ ችሎት ነበር፣ አጎቴ።"

"ቤታችን ዝግ ችሎት አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩሽም።" ጋዜጣውን ነካ አደረጉት። "የእጅሽን ነገር ከዚህ ነው ያወቅኩት። ከሌላ ሰው ጋር እኩል።"

ኡመይማ መኪናውን እንዲመልሱት ለመነቻቸው። ስሟን ከሱቁ ጋር አያይዛ ጽፋ በማግሥቱ ሱቁን ብትዘጋ ደብዳቤው ለምን ተጻፈ?

"ብቻሽን ልትሆኚ ነው?"

"አሁንስ ከማን ጋር ነኝ?" አለች። ተናግራ ስትጨርስ አዘነችላቸው። "ይጠይቁኝ። ዛሬ አይሁን፤ ግን ይጠይቁኝ።"

ሹፌሩ ገመዱን ጠቅልሎ መኪናውን ባዶውን መለሰ።

ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ካዘዙት ልብስ ጥቂቱ እስካሁን መደርደሪያው ላይ ነው፤ ባለቤቶቹ አልመጡም። አጎቷ ሸፊ ግን አርብ አርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በታክሲ ይመጣሉ። ስለ በሬ ዋጋ ያወራሉ፤ ስለ ሸጎሌ ጭቃ ያወራሉ፤ ሻያቸውን ጠጥተው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ይሄዳሉ። ጥያቄው ገና አልመጣም። ኡመይማ አርብ ከሰዓት ሥራ አትቀበልም።