ለዴሊያ መቆም

ሎርና ፒኬት በኦክላሆማ ገጠር የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጣች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ቤቱ ጭር ቢልባት ፍርድ ቤት ሄዳ፣ ለተበደሉ ሕፃናት ያለ ክፍያ ከሚቆሙት ሰዎች ጋር ተመዘገበች። ዳኛዋም የሰባት ዓመቷን ዴሊያን በአደራ ሰጧት፤ ኑሮዋን እየተከታተለች ለችሎቱ እንድትናገር።

ዴሊያ የተገኘችው በበረዶ ወራት፣ ማሞቂያ በሌለው ቤት ብቻዋን ቁጭ ብላ ጥሬ ማካሮኒ ስትቆረጥም ነው። እናቷ ሬኔ ሱስ ይዟት ከቤት ከወጣች ቀናት አልፈዋል።

ሎርና ልጅቷ በጊዜያዊነት ወደተጠጋችበት ቤት በየሳምንቱ ትመላለስ ጀመር። በረንዳ ላይ ካርታ ይጫወታሉ።

«አንቺ ሌባ! ይሄ ካርታ ደግሞ ከየት መጣ?»

«እጄ ውስጥ ተወለደ፣ ሚስ ሎርና።»

ሳቁ ሲያበቃ ግን የዴሊያ ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው። «ቤቴ መሄድ እንደምፈልግ ለዳኛዋ ትነግሪልኛለሽ?»

«እነግርልሻለሁ።»

ሬኔ መጀመሪያ በርትታ ነበር፤ ሱሱን ትታ ሥራም ይዛ ነበር። ኋላ ግን ተመልሳ ወደቀች። ልጇን እንድታይ በተቀጠረላት ቀን ትቀራለች፤ ዴሊያ ጫማዋን አስራ መስኮት ሥር ስትጠብቅ ይመሻል።

በችሎቱ ቀን ሎርና ተነሥታ ቆመች። «ክብርት ዳኛ፣ ዴሊያ እናቷ ጋ መመለስ ትፈልጋለች። ልነግርላት ቃል ገብቻለሁ።» ሬኔ ወደተቀመጠችበት ሳታይ ቀጠለች። «እኔ ግን ብትመለስ ትሞትብናለች ብዬ እፈራለሁ።»

ዳኛዋ የሬኔን የእናትነት መብት አነሱ።

ኮሪደሩ ላይ ሬኔ ወደ እሷ ስትመጣ ሎርና ስድብ ጠበቀች። ሬኔ ግን ክንዷን ያዘቻት።

«ነጎድጓድ ትፈራለች። አይዞሽ ቢሏት አትሰማም፤ ጀርባዋን ነው የሚያሹላት። ለሚያሳድጓት ሰዎች ይንገሩልኝ» አለቻት።

ሎርና አቅፋት አለቀሰች።

ዴሊያን ሊያሳድጓት የተቀበሉ ባልና ሚስት ወደ ቴክሳስ ሊወስዷት መጡ። ሎርና የእናትየውን አደራ ነገረቻቸውና ወደ መኪናው መስኮት ጠጋ አለች።

«ዴሊያዬ፣ ነግሬልሻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ፣ ፊቷን አዙራ። «ከዚያ ደግሞ አይሆንም አልሽ።»

የማደጎ መዝገቡ በሕግ ምስጢር ሆኖ ስለተዘጋ፣ ሎርና የልጅቷን ወሬ እንኳ የምትጠይቅበት መንገድ አልነበረም። ሰዉ «ነፍስ አተረፍሽ» ይላታል። እሷም ይህን አላጣችውም። ከችሎቱ ሌላ ልጅ በአደራ ለመቀበል ግን ከዓመት በላይ ፈጀባት።