የገዛ ስሜን በገበያ የጠራሁበት አርብ

ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ሌሎች ሲማሩ ከአጥር ውጭ ቆሜ እየሰማሁ፣ በራሴ ለፍቼ ማንበብና መጻፍ ቻልሁ። አበዳሪው ቢሮ የጫነብኝን የሰው ዕዳ ከትከሻዬ ያወረድሁትም እንዲሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ነው።

ግንቦት እያለቀ ነበር። እኛ ጎረቤታሞች ለማዳበሪያ የምንበደረው በቡድን ነው፤ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፣ አንዱ ዕዳ ካለበት ሁሉም አያገኝም። ተራዬ ደርሶ ስሜን ስነግራት ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አየችና፣

«አባባ፣ ያልተከፈለ የበሬ ብድር አለብዎ» አለችኝ።

«የበሬ? እኔ በሬዎቼን ያሳደግሁት ከገዛ ላሜ ነው!»

«ስምዎ፣ የአባትዎ፣ የአያትዎም ስም ገጥሟል።»

አመለከትሁ። ነገ ይምጡ አሉኝ። በማግሥቱ ኔትወርክ የለም፤ በሌላ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ጣለ፣ ማሳችን ታርሶ ሳይዘራ ቀረ። ከልጅነት ጀምሮ ደቦ አብሮኝ የወጣው ጎረቤቴ ሳይቀር፣ «አንተ በሬ በልተህ እኛን ጦም ልታሳድረን ነው?» አለኝ። ይህ ቃል ከዕዳው ይልቅ አንገበገበኝ።

ቢሮው ያን ስሜን የሚጋራ ባለዕዳ ካልፈለገው እኔ እፈልገዋለሁ አልሁ። በአርብ ገበያ የማይገኝ ሰው የለም። አርብ ጠዋት እህል ተራ መካከል ድንጋይ ላይ ወጥቼ የገዛ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጮኼ ጠራሁ። የሚያውቁኝ በሳቅ ፈረሱ።

«ሽማግሌው ራሱ ጠፍቶበት ይፈልጋል!»

እኔ ግን የበሬ ዕዳ ያለበት ሰው ከከብት ተራ አይርቅም ብዬ ወደዚያ ወረድሁና ደገምሁት።

«አቤት! ማነው የጠራኝ?» አለ አንድ ጎልማሳ፣ የወይፈን ገመድ እንደያዘ።

«እኔ ነኝ፣ ሞክሼ! የዚያ በሬ ብድር እንዴት ሆነ?»

ደነገጠ። «የሚጠይቀኝ ባጣ እኮ ታቦቱ የማረኝ መስሎኝ ነበር!»

«የተሸከምሁልህ እኔ ነኝ። ና፣ ቢሮ እንሂድ።»

«አያ፣ ዛሬ ገበያ ላይ ነኝ፣ ሌላ ቀን...»

«እሺ። እኔም በየአርቡ እየመጣሁ ስምህን ከነዕዳህ እጠራለሁ። ድምፄን እንደሆነ ሰምተኸዋል።»

ከብት ተራው ሁሉ ሳቀ። ወይፈኑን ለወንድሙ አስይዞ ተከተለኝ።

ለጸሐፊዋ ምንም አላስረዳኋት። «እስቲ ያንን ስም ጥሪው» ብቻ አልኋት። ጠራችው።

«አቤት!» አልን ሁለታችንም።

ቀና ብላ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች፤ ሳቋ አመለጣት። ኃላፊው ራሳቸው ወጡ። ሞክሼዬ ዕዳው የእሱ መሆኑን አመነ፣ የእኔም ስም ከዕዳው ጠራ። ከእንግዲህ እንዳንምታታ የቅድመ አያቴን ስም ጠየቀችኝ፤ እኔ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርሁላት። «አባባ፣ አራት ይበቃል!» አለችኝ።

ማዳበሪያውን በአህያ ጭነን ስንመለስ ፊት ፊት የምሄደው እኔ ነበርሁ። ጎረቤቴ ከኋላ ደርሶ፣ «በሬ በላህ ያልሁህን ይቅር በለኝ» አለ በቀስታ።

«አልሰማሁህም» አልሁት። «በሚመጣው አርብ፣ እህል ተራ፣ እኔ የቆምሁበት ድንጋይ ላይ ወጥተህ በለው።»

ወጥቶ አለው። ድምፁ ግን እንደ እኔ ሩቅ አይደርስም።