የጠርሙስ ቂጥ ለቃሚው

አርኪዮሎጂ ተምሬ ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራ ፊቱን አዙሮብኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ የጥንት ሰው ድንጋይ ጠርቦ ስለት ሲያወጣ ለተማሪዎች በተግባር ካሳየሁ እንደሚቀጥረኝ ነገረኝ። በወረቀት እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም። ችግር የለም ብዬ ወጣሁ።

ችግር ነበረው። ባልጩት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ጠርዙን ትንሽ አላግባብ ከመቱት መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። ጓደኛዬ ከስምጥ ሸለቆ ያመጣልኝ ጥቂት ስለነበር፣ እሱን ላለመጨረስ በጠርሙስ ቂጥ ልለማመድ ወሰንኩ። ከ18 ማዞሪያ ግሮሰሪዎች የተሰነጠቀ የቢራ ጠርሙስ በማዳበሪያ እየተሸከምኩ መጥቼ፣ የተከራየኋት ክፍል በር ላይ ጭኔን በጎማ ቁራጭ ሸፍኜ ስቀጠቅጥ እውላለሁ። ጣቶቼ ሁሉ ፕላስተር ሆኑ። ከጠርሙሱ የጦር ጫፍ የሚመስል ነገር ወጣልኝ፤ ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ድንጋይ ግን እምቢ አለ። የሚያበግነው ደግሞ ሁልጊዜ የሚሰበረው ሊያልቅ ሲል ነው።

አከራዬ የሚታያቸው ጠርሙሱ ብቻ ነበር። “ምንድነው ይሄ ሁሉ?” ሲሉኝ “ትምህርት ነው እማማ” አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ። ለካ ሳንሱሲ ላለችው እናቴ ሊደውሉ ኖሯል።

ለትምህርት ቤቱ ላሳይ አንድ ቀን ሲቀረኝ እናቴ ዓይኗ አብጦ መጣች።

“አይዞህ፣ ከመጠጥ የወጣ ብዙ ሰው አለ” አለችኝ።

ብሽቅ አልኩ። አፌን እንኳ ሳያሸቱ ፈርደውብኛል። “ቁጭ በይና እይ” ብያት የቀረችኝን አንዲት ባልጩት አወጣሁ። አከራዬም በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

የዚያን ቀን እጄ ታዘዘልኝ። ፍንጣሪው እየረገፈ ግራና ቀኙ ሳሳ፣ ስለቱ ወጣ። እናቴ ጎንበስ ብላ ታያለች። ጫፉን ብቻ ላሾል አንዴ መታ ሳደርገው ቋ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

አከራዬ መጥረጊያ ሊያመጡ ተነሡ። እናቴ ስባሪውን አንሥታ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

“ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩህ ይሄን ነው?”

“አዎ።”

ስባሪውን አስቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

“መጠጥ ቢሆን ይሻል ነበር” አለች። “ጸበል አስገባህ ነበር።”