በማዳበሪያ የተሰፋች ሳይክል

ሳይክሌን በአውሮፕላን ጭኜ ሩዋንዳ ልሄድ ነው ስል፣ የሰፈራችን ሰው ሁሉ «እዚያ ሳይክል የለም እንዴ?» ነው ያለኝ። አለ፤ የኔ ግን የለም። ኮርቻዋን ለቁመቴ ያስተካከልኳት፣ የላሊበላን ዳገት ነፍሴ እስክትወጣ የረገጥኩባት እሷ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር ኪጋሊ ተገናኝተን ያንን ተራራ አገር በሳይክል ልንዞር ተነጋግረናል። ቲኬቴ አይመለስም፣ አይቀየርም። በቀኑ ሳይክሏ ካልተጫነች ጉዞ የለም። ይኸው ነው።

«ተመርቀሻል፣ ስራ ፈልጊ እንጂ» የሚሉኝን ችያቸው ነበር። ያልቻልኩት አባቴን ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው አልተቆጡም፣ እሺም አላሉም። «ሴት ልጅ፣ በሰው አገር መንገድ፣ በሳይክል» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ቢያንስ መልስ ይሰጠዋል።

ሳይክል የሚጫነው ፔዳሉ ተፈቶ፣ ጎማው ተንፍሶ፣ በደንብ ታሽጎ ነው ተባልኩ። የሳይክል ካርቶን እኛ ከተማ ከየት ይመጣል? ሆቴሎቹን ዞሬ የትልቅ ቴሌቪዥን ካርቶን ለምኜ አገኘሁ። ፔዳሎቹን ፈታሁ፣ መሪውን አጠፍኩ፣ የፊት ጎማውን አውልቄ ከጎኗ አሰርኩ፣ ካርቶኑ ውስጥ ከትቻት በፕላስተር ጠቀለልኩትና በረንዳ ላይ አቆምኩት። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር።

በመሄጃዬ ጠዋት አባቴ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡ። መስቀላቸውን አወጡና ባረኩኝ። ፊቴ ላይ ትንሽ ረጩ። ከዚያ ወደ ካርቶኑ ዞሩ። እሱ ላይ ጠርሙሱን ደፉበት። ያን ሁሉ ቀን ያኮረፉኝ አባቴ ሲባርኩልኝ «ይበቃል» እንዴት ልበል? ውሃው በካርቶኑ ጎን ወርዶ ስሩ ተጠራቀመ።

ሾፌሩ ጎረቤታችን ሚኒባሱን ይዞ መጣ። አባቴም ማንም ሳይጠራቸው ገብተው ተቀመጡ። ኤርፖርት ደርሰን እኔና ሾፌሩ ካርቶኑን ስናነሳው ስሩ ተቦጨቀ። ሳይክሌ ሲሚንቶው ላይ ተዘረገፈች። አንዱ ፔዳል እየተንከባለለ ሄዶ የአንዲት መንገደኛ ሻንጣ ስር ገባ። ሰው ሳቀ።

ዞር አልኩ። «አባባ፣ አውቀው ነው?»

«ኧረ ተይ አንቺ!» አለ ሾፌሩ። ቄስ እንዲህ አይጠየቅም፤ አባትም አይጠየቅም። አውቃለሁ። መልሱን ግን ፈልጌው ነበር።

አባቴ መጀመሪያ ካርቶኑን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። «እንድትቀሪ ብፈልግ በውሃ ነው የማስቀርሽ? አትሂጂ እልሽ ነበር እንጂ።»

«አላሉማ! ሂጂም አላሉ!»

«አትሂጂ ብልሽ ትሰሚኝ ነበር?»

«አልሰማም።»

«እና ምን አደከመኝ!»

ሾፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሰዓቱ እየሄደብኝ ነው። «ከመሳቅህ በፊት መኪናህ ውስጥ ምን አለህ?» አልኩት። ከሙጃ ገበያ እህል ስለሚያመላልስ ወንበሩ ስር ባዶ ማዳበሪያ አይጠፋውም፤ ሲባጎና የጆንያ መርፌም ነበረው። የሸሸውን ፔዳል ለቅመን፣ ሁለት ማዳበሪያ ተርትረን አንድ አደረግንና ሳይክሏን ጠቀለልንበት። እኔ ስሰፋ አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጥለው፣ ተንበርክከው ጠርዙን ገጥመው ያዙልኝ።

«ይሄ ስፌት ነው አጥር?» አሉ።

«አጥርም ቢሆን ይይዛል።»

በሩ ላይ ጥበቃው ሸኚ አይገባም ሊል አፉን ከፈተ፣ መስቀሉን ሲያይ ተሳለመና አባቴን አሳለፋቸው። ሻንጣ የሚቀበለው ልጅ ግን መስቀልም አልበገረውም።

«እህት፣ እህል በዚህ አይደለም።»

«እህል አይደለም፣ ሳይክል ነው።»

«በማዳበሪያ? ኪጋሊ ድረስ? ሰው ምን ይለናል?»

«ካርቶን ካልሆነ አይጫንም የሚል የት ተጽፏል? አሳየኝና ልመለስ።»

«ፈረንጆቹ እኮ በሳጥን ነው የሚያመጡት።»

«እሺ፣ ላሊበላ ውስጥ ሳጥኑን ፈልገህ አምጣልኝ፣ እጠብቅሃለሁ።»

«አትጩሂብኝ።»

«አልጮህኩም፣ ድምፄ ነው።»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ግን ፈቀቅ አላልኩም። እንድሸማቀቅ ነበር የጠበቀው፤ በማዳበሪያዬ አፍሬ፣ ይቅርታ ብዬ፣ ሳይክሌን ለአባቴ መልሼ ባዶ እጄን እንድበር። ለምን አፍራለሁ? የላስታ ገበሬ እህሉን፣ ሽንኩርቱን፣ ያለውን ሁሉ በዚህ ነው የሚያጓጉዘው፤ ይዘቱን አንድም ቀን አላፈሰሰበትም።

በመጨረሻ አለቃው የሆነችውን ሴትዮ ጠራ። ሴትዮዋ መጣች፣ ማዳበሪያውን በእጇ ዳበሰች።

«ፔዳሉ?»

«ተፈቷል።»

«ጎማው?»

«ተንፍሷል።»

«ታዲያ ምን አቆማት? አስፈርማትና ትሂድ» ብላው ተመለሰች። ልጁ ወረቀቱን ሳያየኝ ገፋልኝ። ፈረምኩ።

«ምንድነው የፈረምሽው?» አሉ አባቴ።

«በመንገድ ብትሰበር አልጠይቅም የሚል ነው።»

ማዳበሪያው ከሻንጣዎቹ መሃል እየተንገዳገደ ገባ። አባቴ እስኪጠፋ ድረስ በአይናቸው ተከተሉት።

«ላንቺስ? አንቺ ብትሰበሪ ማን ፈረመ?»

«እኔው ነኛ። ሌላ ማን ይፈርምልኛል?»

ይቆጡኛል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ጠበቅኩ፤ መልሴም አፌ ላይ ነበር።

«በይ ሂጂ፣ ይጠሩሻል» አሉኝ።

ፈቃድ ይሁን ተስፋ መቁረጥ አልጠየቅኳቸውም። መስቀላቸውን ተሳለምኩ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ወደ ፍተሻው ሄድኩ።