ከመንገዱ ማዶ ያለው ወንበር

የሰፈሩ ሰው ፀጉር አስተካካዩን «ጋሼ ሬዲዮ» ይለው ነበር። ሱቁን የከፈተው ገና ጢሙ በቅጡ ሳይበቅል ነው፤ አሁን ሽበቱ ግራና ቀኝ ወጥቶበታል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እጁ ቶንዶስ ይዞ አፉ ዝም ያለበት ቀን አልነበረም። የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ የትኛው መንገድ እንደተቆፈረ፣ የትኛው ቡድን ለምን እንደተሸነፈ፣ ሁሉም እሱ ወንበር ላይ ይሰማል። ፀጉሩ ሳያድግ ለጨዋታ ብቻ ጎራ የሚል ሰው ብዙ ነበር።

መቼ እንደጀመረው ራሱም አያውቅም እንጂ፣ ጨዋታው ቀስ በቀስ ነጠፈ። ደንበኛ ሲያወራለት «እህ» ብቻ ማለት አመጣ። «ጋሼ ሬዲዮ፣ ባትሪው አለቀ እንዴ?» ብለው ሲቀልዱበት ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቱ የሆነውን መምህር ቆርጦ፣ አንገቱን ጠርጎ ከሸኘው በኋላ፣ መስታወቱ ፊት ቆሞ ማንን ሲቆርጥ እንደነበር ማስታወስ አቃተው። መሬት ላይ የተበተነውን ፀጉር እያየ ልቡ ድንግጥ አለ።

ያልሞከረው የለም። ግድግዳውን ሰማያዊ ቀለም ቀባ። አሮጌውን ወንበር አውጥቶ ከፍ ዝቅ የሚል አስገባ። ቀለሙ እስኪደርቅ ደህና ነበር፤ ሲደርቅ ያው ሆነ። ሚስቱ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ከላይ እስከ ታች መርምራው፣ «ሰውነትዎ ደህና ነው። ለመሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ ያረፉት መቼ ነው?» አለችው።

እሱ መልስ ፍለጋ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለች ሚስቱ። «ልጃችን የተመረቀች ቀን እንኳ ጠዋቱን ሠርተህ ነው የደረስከው።»

እውነቷን ነው። ሱቁን የማይዘጋበት ምክንያት ከመንገዱ ማዶ ነበር። ልክ ፊት ለፊቱ ሌላ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ ሰፈሩ «ቀጭኑ» የሚለው፣ ቁጥብ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ቀጭኑ እሁድም ይከፍታል። ጋሼ ሬዲዮ እሁድ ከዘጋ ደንበኛው ሁሉ ተሻግሮ ሊቀር ነው። ሁለቱ ጠዋት በር ሲከፍቱ ራሳቸውን ነቅነቅ ከማድረግ ያለፈ ሰላምታ አልነበራቸውም።

በመጨረሻ ጋሼ ሬዲዮ ሱቁን ሊሸጥ ቆረጠ። ደላላ ፍለጋ ሊወጣ ሲል ሚስቱ አየት አድርጋው፣ «መጀመሪያ ፀጉርህን ተቆረጥ» አለችው። «ይኼን ጎፈሬ ይዘህ ፀጉር ቤት እሸጣለሁ ብትል ማን ያምንሃል?»

ድሮ የሚቆርጥለት አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው ነበር፤ ጓደኛው ሥራ ቀይሮ ከሄደ ወዲህ መስታወት እያየ በራሱ እጅ ነካክቶ ነው የኖረው። ሌላ ሰፈር ድረስ ለመሄድ ጉልበት አጣ። ቆሞ ቆሞ፣ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ መንገዱን ተሻገረ።

ቀጭኑ በሩ ላይ ሲያየው ፎጣውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ምነው፣ በደህና?»

«ፀጉሬን እንዲያስተካክሉልኝ ነው።»

«ይቀመጡ።»

ቀጭኑ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፤ በመዳፉ ራሱን ቀና አደረገለትና መቀሱን አነሳ። ስንቱን ሰው በእጁ ሲያሳልፍ፣ የእሱን ራስ ደግፎ የያዘለት ሰው ከጠፋ ብዙ ጊዜ እንደሆነ ጋሼ ሬዲዮ ያኔ ገባው። ትንሽ ልጨፍን እንዳለ፣ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ።

ሲነቃ ፀሐይዋ ከበሩ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ፀጉሩ አልቋል፤ አንገቱ ሥር የታጠፈ ፎጣ ተደርጎለታል። ቀጭኑ በሌላኛው ወንበር ሰው እየቆረጠ ነው።

«ምነው ሳይቀሰቅሱኝ?» አለ አፍሮ።

«ቀናሁብዎት» አለ ቀጭኑ ፊቱን ሳያዞር። «እኔም እንዲህ ብተኛ ደስ ባለኝ። እሁድን እንኳ ብዘጋ ጥሩ ነበር፤ እርስዎ ይከፍታሉ እንጂ።»

«እኔ?» አለ ጋሼ ሬዲዮ። «እኔ እኮ የምከፍተው አንተ ስለምትከፍት ነው።»

ቀጭኑ መቀሱን አወረደ። ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ቀድሟቸው ሳቀ። ቀጥሎ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አንቱታውም እዚያው ቀረ። ሳይለያዩም ተስማሙ። ጋሼ ሬዲዮ እሁድን፣ ቀጭኑ ሰኞን ይዘጋል፤ የዘጋው በሩ ላይ «ወደ ማዶ ተሻገሩ» ብሎ ይጽፋል።

ማለቱ ቀላል ነበር። የመጀመሪያዋ እሁድ ግን ፈተና ሆነችበት። ሰበብ ፈልጎ በሱቁ በኩል ሲያልፍ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲቆርጠው የኖረው ጎልማሳ በቀጭኑ ሱቅ ወንበር ላይ ተንፈላሶ አየው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ቢከፍት ማንም አይከለክለውም። አልከፈተም። ይህ ሰው ጎበዝ ነው ከተባለ፣ የጎበዘው እዚያች ላይ ነው። ቤቱ ተመልሶ ማጀት ገባና ድስቱን በየመጠኑ መደርደር ጀመረ፤ ሚስቱ «እዚህ ደግሞ ሱቅ ከፈትክ?» ብላ አስወጣችው። ሄዶ ተኛ።

በአንድ ጀምበር አልዳነም። የመጀመሪያዎቹ እሁዶች በእንቅልፍ አለቁ። ኋላ ልጁ ዘንድ መሄድ ለመደ፤ የልጅ ልጁን ጫንቃው ላይ አድርጎ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ያ አፉን የዘጋው ድካም አሁንም አንዳንዴ ይመለሳል። ሲመለስ አይደብቀውም፤ «ዛሬ አልቻልኩም» ብሎ ጨርቁን አራግፎ ይዘጋል። ማዶ ሄደው የቀሩ ደንበኞች አሉ። «አምሮባቸዋል፣ ምን እላለሁ?» ይላል። አብረውት የቀሩትን ግን ደህና አድርጎ ይቆርጣል፤ ሲያወሩትም ይሰማቸዋል። ሱቁ ይሸጣል ሲባል የሰማ ደላላ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴም ፀጉሩን ተቆርጦ ተመልሷል።

ዘንድሮ ቀጭኑ ዓይኑን ታክሞ ሲተኛ ቁልፉን ለእሱ ሰጠው። ጋሼ ሬዲዮ ጠዋት የራሱን፣ ከሰዓት የማዶውን እየከፈተ ሰነበተ። ቀጭኑ አንድ ዓይኑ እንደተሸፈነ ብቅ ሲል ሱቁ ተጠርጓል፣ መቀሱ ተስሏል፣ ደንበኛም ወረፋ ይዟል።

«ደከመህ አይደል?» አለው በሩ ላይ ቆሞ።

«አዎ፣ ደክሞኛል» አለ ጋሼ ሬዲዮ። «ነገ እሁድ ነው፤ እተኛበታለሁ።» የያዘውን ሰው አገጩን ቀና አድርጎም ሥራውን ቀጠለ።