ሸገርን የጠየቅኩበት ሱቅ

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ የተሰጠኝ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፦ ሰዎች አዲስ አበባን «ሸገር» የሚሏት ለምን እንደሆነ የሰፈራችሁን ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ። መምህራችን ሁለት ነገር አስጠነቀቁን። የተነገራችሁን ሳትቆርጡ ጻፉ፤ ከጻፋችሁ በኋላ ደግሞ ለተናጋሪው መልሳችሁ አንብቡለት። ሁለቱንም ደብተሬ ላይ አሰመርኩባቸው።

ሰፈራችን ቀበና ነው። በዚያ ሰሞን ከድልድዩ በታች ያሉት ቤቶች ፈርሰው ነበር። እንጦጦ ላይ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲሞላ ድምፁ እኛ ጓዳ ድረስ ይገባል፤ በመሃል የሚያፍነው ግድግዳ አልቀረም። አንድ ጠዋት በቀሩት አጥሮች ላይ ቀይ ምልክት አየን። ማን እንደቀባው ያየ ሰው የለም። ጎረቤቶቻችን ካርታ ያለው ምትክ ቤት ያገኛል፣ ካርታ ላይ የሌለ ክፍል ከተገኘ ግን ያለ ምንም ምትክ ይፈርሳል ይሉ ነበር። ይህንንም የሚሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የማያውቁት ሰው በመንገዱ ካለፈ ጭራሽ ዝም ይላሉ።

እኔ የሰፈራችንን ባለሱቅ መረጥኩ። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር የመጡ፣ እኔንም ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰው ናቸው። የሸገርን ትርጉም ስጠይቃቸው ሳቁ።

«ትርጉሙን እኔ ከየት አመጣዋለሁ? ‹ሸጋ› ከሚለው ነው የሚሉ አሉ፤ ኦሮምኛ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የማውቀው የአውቶቡሱ ረዳት ‹ሸገር! ሸገር!› እያለ ሲጣራ መሳፈሬን ነው። አዲስ አበባ ሌላ አገር ይመስለኝ ነበር። ከገባሁ ከሳምንት በኋላ አንዱን ‹አዲስ አበባ ሩቅ ነው ወይ?› ብዬ ብጠይቀው መንገደኛ ሰብስቦ ሳቀብኝ።»

«ታዲያ ለእርስዎ ምን ማለት ነው፣ ጋሼ?»

ትንሽ አሰቡ። «መታወቂያሽ ላይ ምን ይላል?»

«አዲስ አበባ።»

«አየሽ! ሸገር የሚላት የሚኖርባት ነው። ወረቀት ሌላ፣ ኑሮ ሌላ። ይኸው፣ የኋላዋ ክፍል ካርታ ላይ የለችም፤ ልጄ ግን ሁለት ልጆች ወልዳ አሳድጋባታለች።»

ይህን ብለው ወደ መንገዱ አዩና ስለ ዘይት መጥፋት ማውራት ጀመሩ።

ሰፈሩ ምን እንደሚያወራ አውቅ ነበር። ያን ዕለት ግን የታየኝ ስለ ክፍሏ የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ማማሩ ብቻ ነበር። በንጹሕ ወረቀት ስገለብጠው መደምደሚያ አደረግኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ላነብላቸው ሄድኩ። የሳሙና ካርቶን እየፈቱ ነበር።

«ዛሬውኑ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልሽ?»

«አጭር ነው ጋሼ፤ መምህራችን ግድ ነው ብለዋል።»

«በይ እሺ።»

ማንበብ እንደጀመርኩ ሁለት ወጣቶች መጥተው ውሃ ጠየቁ። አንደኛው የመለኪያ ሜትር ይዟል፤ የሁለተኛው ጫማ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ነበር። አየሁት። አናጢና ቀለም ቀቢ መሰሉኝ። የአውቶቡሱ ረዳት ታሪክ ላይ ስደርስ ባለ ሜትሩ ሳቀ።

«አይ አባቴ! ኋላ አዲስ አበባን አገኟት?»

ጋሼ አልሳቁም። «ይበቃል ልጄ፣ ጥሩ ነው፤ ሂጂ» አሉኝ።

ሲመሰገኑ የሚያፍሩ ሰው ስለሆኑ ያፈሩ መሰለኝ። «አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የቀረው» አልኩ። ሰሚ ስላገኘሁም ድምፄን ከፍ አድርጌ እስከ መደምደሚያው አነበብኩ።

ሳቁ ቆመ። ባለ ሜትሩ የውሃውን ክዳን ቀስ ብሎ ገጠመ።

«ጎበዝ ተማሪ» አለኝ። ከዚያም በትሕትና ወደ ጋሼ ዞረ። «አባቴ፣ ወደ ኋላዋ ክፍል በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ጋሼ ወደ እኔ ሳያዩ ያነሱትን ሳሙና መልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከተቱት።

ወጣቶቹ በሱቁ ጎን ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ራሳቸው አገኟት። «ተሳስቼ ነው የጻፍኩት» ልል ተከተልኳቸው፤ ሳልደርስባቸው ባለ ሜትሩ በሩን በጣቱ መታ።

«ቤቶች!»

«ቤት ለእንግዳ!» አለች የጋሼ ልጅ ከውስጥ። «ግቡ፣ ግቡ፤ ክፍት ነው።»