ናግዋ የመለሰቻት ነጥብ

«ሌባ! የልጄን ነጥብ መልስ!»

ኡም ረገብ ይህን ያለችው የሰብሪን ፎቶ ቤት በር በክርኗ ገፍታ፣ የዓሣ ሳፋዋን ደጃፉ ላይ ዱብ አድርጋ፣ የልጇን የረገብን የሠርግ ፎቶ በብብቷ ይዛ ነው። ግብፅ፣ ፖርት ሰኢድ ወደብ ላይ ዓሣ ስትሸጥ ሠላሳ ዓመቷ ነው። ድምጿ መርከብ ያስቆማል።

«የምን ነጥብ እማማ?»

«የምን ነጥብ ይለኛል ደግሞ! ግራ ጉንጩ ላይ፣ ስወልደው ይዟት የመጣት፣ ምስር የምታክል! አጥባችሁ አጥባችሁ የተላጠ እንቁላል አስመሰላችሁት። ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«ስድስት ዓመት ግድግዳዎ ላይ ሲኖር ምንም አላሉም።»

«ያኔማ ልጁ እዚሁ ነበራ! ነጥቧን እሱ ላይ ነበር የማያት። አሁን ኩዌት ነው። በስልክ ሲመጣ ጢሙን አሳድጎ ሸፍኗታል። ተላጭና አሳየኝ ስለው መብራት ጠፋ ይለኛል። ኩዌት መብራት ይጠፋል? ስስመው እዚያች ላይ ነበር የምስመው። አሁን ይሄን ወረቀት የቱ ጋ ልሳመው?»

«አይቻልም። አንዴ የጠፋ ጠፋ» አለ ሰብሪ።

ዋሸ።

እዚያ ሰፈር የሙሽራን ፊት ማጠብ ደንብ ነው። ነጥብና ጠባሳ ሳያጠፋ ፎቶ የሚያስረክብ ሰው ቤተሰቡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ሰብሪ ያነሳል፣ ሚስቱ ናግዋ ኮምፒውተሩ ላይ ታጥባለች። እንዲህ ሲኖሩ ኖረው ናግዋ ሞተች፤ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።

ኮምፒውተሩ ግን ጥሬውን ፎቶ አይነካውም። የተደረገውን ሁሉ በጎን በኩል በመስመር በመስመር ይጽፋል፤ ፊተኛው ከታች፣ ኋለኛው ከላይ። ብርሃን ተጨመረ። ሸሚዝ ነጣ። ሌላው ሰው ሥራውን ሲጨርስ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ዝርዝሩን ይጨምቀውና ውጤቱ ብቻ ይቀራል። ናግዋ የጻፈችውን ግን ሰብሪ አንድም ቀን አልጨመቀም። ደንበኛ በሌለ ከሰዓት የማያውቀውን ሰው ሠርግ ይከፍትና ከታች ወደ ላይ ያነባል። ብርሃን ተጨመረ። ተቀነሰ። ትንሽ ተጨመረ። መወሰን አትችልም ነበር። ያነበበ ቁጥር ምላሷን ጠቅ ስታደርግ ይሰማዋል። በሌሎች ሰዎች ሠርግ ሚስቱን መጠየቅ፣ ሥራ ከተባለ ሥራው ይኸው ነበር።

ፍርሃቱ አንድ ነው። ወደ ታች መስመር ወርደህ እዚያ አንድ ነገር ከነካህ፣ ከሱ በላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ናግዋ ብትሆን ነጥቧን ብቻዋን መዥርጣ ታወጣት ነበር። እሱ የሚያውቀው መውረድን ብቻ ነው።

«ናግዋ ብትኖር እሺ ትለኝ ነበር» አለች ኡም ረገብ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ያለው ድምጿ ከጩኸቷ የባሰ ነው።

ሰብሪ ፎቶውን ከፈተ። አርባ አንድ መስመር። ከታች ጀመረ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ነጥቧ ጠፍታለች። በቃ፣ ከዚያ በላይ ያለው አሥራ ስምንት መስመር ሊቀልጥ ነው። ምንም ሳይነካ ወደ ላይ ማንበቡን ቀጠለ።

ሃያ ስድስተኛው ላይ ነጥቧ ተመልሳለች። ሠላሳኛው ላይ እንደገና ጠፋች። ሠላሳ አራተኛው ላይ እንደገና ተመለሰች።

ያን ቀን ትዝ አለው። ምሳ ሰዓት ነበር፣ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ።

«ሴትዮ፣ ያቺን ነገር አጥፊያትና እንብላ!»

«እናቱ ትፈልጋታለች እኮ።»

«ነጥብ የሚፈልግ እናት የት አየሽ?»

ናግዋ ምላሷን ጠቅ አድርጋ ቁልፉን ጠቅ አደረገች። አርባ አንደኛው መስመር እሱ ነው፤ ከሁሉ በላይ፣ የመጨረሻው። ነጥብ ጠፋ።

ከዝርዝሩ ሁሉ የሰብሪ ቃል ያቺ አንዷ ናት።

አንድ መስመር ወረደ። ነጥቧ እንደ ዝንብ መጥታ የረገብ ጉንጭ ላይ አረፈች። ኡም ረገብ «ያ ረቢ» ብላ የገዛ ጉንጯን ያዘች። ሰብሪ እዚያው ቆሞ ብርሃኑን ፀጉር ታህል ጨመረ፤ የድሮዋ አርባ አንደኛ ጠፋችና በቦታዋ አዲስ ተጻፈች፦ ብርሃን ተጨመረ። በዛ መሰለው። ምላሱን ጠቅ አድርጎ ትንሽ ቀነሰ።

ወረቀቱ ከማተሚያው ገና ትኩሱን ሲወጣ ኡም ረገብ ነጥቧ ላይ ሳመችው። በከንፈሯ ልታበላሸው ነው ብሎ ሊከለክላት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«ስንት ነው?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ «ለማጥፋቱ ከፍያለሁ! ለመመለሱ ደግሜ የምከፍል ሞኝ አይደለሁም!»

«እሺ እማማ።»

ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ ከሳፋዋ ዓሣ አወጣች፣ በጋዜጣ ጠቀለለች፣ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ናግዋ ሳለች እንደምታደርገው ሁለት፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ። አንዱን መልሳ ልታነሳ እጇን ዘረጋች። ሰብሪን አየችውና ተወችው።